የሞያሌ ቡና ቀላ፦ ጥቂት በልቶ የመርካት ታሪክ

ሞያሌ ቡና አይበቅልባትም። ቀይ አፈርና የግራር ቁጥቋጦ ያለባት የቆላ ጠርዝ ናት። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠበቃል፤ አንደኛው ጋና የሚሉት ነው፣ ሌላው በጥቅምትና በኅዳር የሚመጣው ሃጋያ። ካልመጣ ሰው አንገቱን አቅንቶ ሰማይ ሲያይ ይከርማል። ሆኖም ለቡና ከዚህ አገር ሰው የበለጠ ክብር የሚሰጥ አላየሁም። ቦረና ቡናን ከነልጣጩ በቅቤ ጠብሶ ይበላዋል። ልማዱ ቡና ቀላ ይባላል፤ በኢትዮጵያም በኬንያም በኩል ያለው ቦረና ያውቀዋል።

ስለዚህ ልማድ የምጽፈው በከተማችን የምግብ ወሬ ሁለት ዓይነት ብቻ እየሆነ ስለመጣ ነው። አንዱ ያገኘኸውን ብላ የሚል ነው፤ ሌላው ከጤና ባለሙያ አፍ የሚወጣው ‹‹ይህን አትብላ፣ ያንን ተው›› ነው። በሁለቱ መካከል አንድ እውቀት ነበረ። ትንሽ ነገር፣ ጥሩ ነገር፣ በሰዓቱ፣ ከሰው ጋር ተቀምጦ፣ ልብ ብሎ መብላትና ረክቶ መነሣት። ይህ እውቀት በሞያሌ ታሪክ አለው። ያቆዩትም ሴቶች ናቸው።

እኔ የቦረና ልጅ አይደለሁም። አባቴ የጎጃም ሰው፣ ወታደር ነበር፤ ነገሌ ቦረና ተወልጄ አደግሁ፣ ትዳር ይዞኝ ደግሞ ሞያሌ ኢትዮጵያ በኩል መጣሁ። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ላይ መንግሥት ሲለወጥ እንደ ብዙው ሰው ልጅ አዝዬ የኬንያን ድንበር ተሻገርኩ። ዋልዳ በሚባለው የስደተኞች ካምፕ ከቆየን በኋላ ሌላው ወደ ሌላ ካምፕ ሲጓዝ እኛ ኬንያ ሞያሌ ቀረን። ከዚያ ወዲህ የምተዳደረው ምግብ ሠርቼ በመሸጥ ነው፤ ጠዋት ማንዳዚና ሻይ፣ ቀን እንጀራ፣ ፒላውና ቻፓቲ። ሰው እንዴት እንደሚበላ ስመለከት ነው የኖርኩት። ቡና ቀላን ያስተማሩኝ ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት የቦረና አዛውንት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ‹‹አኮ›› ይላቸው ነበር፣ እንደ ሁሉም አያት። እኔን ግን ‹‹ኢንተላ›› ብለው ነው የሚጠሩኝ፤ ልጆቼ ካደጉ በኋላም፣ ፀጉሬ ከሸበተ በኋላም ለእሳቸው ልጅ ነበርኩ።

ቡናን በቅቤ መብላት የቆየ ነገር ነው። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ኦሮሞዎች ረጅም መንገድ ሲወጡ የተቆላ ቡና ወቅጠው፣ በቅቤ ለውሰው፣ አድቦልቡለው በቆዳ ከረጢት እንደሚይዙ ጽፏል። አንዷ ድቡልቡል አንድን ሰው ቀኑን ሙሉ ታቆመው ነበር ይላል። በዚያ ዘመን የሰሜኑ ክርስቲያን ቡናን የእስላምና የአረማዊ ነገር ነው ብሎ ይሸሸው ነበር፤ ቤተ ክህነት የለዘበችው በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ፣ በምኒልክ ዘመን ነው። ዛሬ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን የምንኮራበት የቡና ሥርዓት በሰሜኑ ክርስቲያን ቤት ብዙ ዕድሜ የለውም። ደቡቡ ግን ቡናን ከጸሎቱ ጋር አስተሳስሮ ሲኖር ቆይቷል። የጎጃም ልጅ ሆኜ ይህን ስናገር ደስ ይለኛል፤ ክብር ለባለቤቱ ይገባል።

ቡናው ከደጋ ይመጣል። ከሲዳማ፣ ከጌዴኦና ከጉጂ ተነሥቶ በሀገረ ማርያም፣ በያቤሎና በሜጋ ወርዶ ሞያሌ ይደርሳል፣ ከዚያም አልፎ እስከ ማርሳቢትና ኢሲዮሎ ይዘልቃል። ቦረናው በበኩሉ ከብትና ቅቤ አለው፣ ከኤል ሶድ ጉድጓድ ሐይቅ የሚወጣ ጨውም አለው። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ጀንፈል ቡና በቆላ ቤት ውስጥ ውድ ዕቃ ነበር። ውድ ስለሆነም ይቆጠራል፤ ቀን ይጠበቅለታል። ልጅ ሲወለድ፣ ስም ሲወጣ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ መንገደኛ በሰላም ሲመለስ፣ ዝናብ ሲዘገይ ይቀርባል።

ሥርዓቱን በቅርብ ልንገራችሁ። ጀንፈሉ በሰፌድ ይለቀማል፤ ድንጋይና የተነቀዘው ይጣላል። ቀጥሎ ሴቶቹ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ እያነሡ ጫፋቸውን በፊት ጥርሳቸው ነከስ ያደርጋሉ። ይህ የፍሬዋ መታረድ ነው፤ እንደ ከብት መሥዋዕት ይቆጠራል፣ ስለዚህም ክብሩ የከብት ያህል ነው። ለሥራውም ይጠቅማል፤ ጫፏ ያልተከፈተ ፍሬ በጋለ ቅቤ ውስጥ ፈንድታ ፊት ታቃጥላለች። ንክሻው ጊዜ ይፈጃል። የእንጨት ቆሪ ሙሉ ጀንፈል ነክሶ ለመጨረስ ጎረቤት መጠራት አለበት። ሴቶቹ ይሰበሰባሉ፣ ይጫወታሉ፣ የታመመ ይጠየቃል፣ የተጣላ ይታረቃል፤ ያ ሁሉ ገና ምንም ነገር አፍ ሳይገባ ነው።

ከዚያ ቅቤው ይቀልጣል። ፍሬው ሲገባበት መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ቆይቶ ጠሽ ጠሽ ማለት ይጀምራል። ያን ጊዜ ወሬ ይቆማል። ሽታው እኛ የምናውቀው የተቆላ ቡና ሽታ አይደለም፤ የደረቀ ፍሬ ጣፋጭነትና የቅቤ ሽታ አንድ ላይ ነው። አኮ ምርቃት ይጀምራሉ፤ ለሰላም፣ ለዝናብ፣ ለከብቱ፣ ለልጆቹ፣ መንገድ ላይ ላለው። በየመሃሉ እኛ ‹‹ነጋያ››፣ ሰላም፣ እያልን እንቀበላለን። ምርቃቱ ሳያልቅ እጁን የሚሰድ የለም፣ ሕፃን እንኳ ይጠብቃል። ሲያበቃ ከድስቱ ቅቤ እየተቀዳ በየመዳፉ ይንጠባጠባል። ግንባር ይቀባል፣ ጉንጭ ይቀባል፣ ክንድ ይታሻል፤ አሮጊቶቹ ጉልበታቸውን ያሻሉ። ሰውነት ከአፍ ቀድሞ ድርሻውን ይወስዳል።

ቀጥሎ ፍሬው ይታደላል። ለአንድ ሰው የሚደርሰው እፍኝ አይሞላም። ልጣጩ ቅቤ ጠጥቶ ለስልሷል፣ ይጣፍጣል፤ ውስጡ ያለው ፍሬ ግን ጠንካራ ነው፣ መረር ይላል፣ ጥርስ ይይዛል። ስለዚህ አንድ በአንድ እንጂ በጭብጥ አይበላም። በመጨረሻ ድስቱ ላይ ወተት ይጨመራል፣ የቀረው ቅቤ ከወተቱ ጋር ይሞቃል፣ ይጠጣል። ከዚህ በኋላ ‹‹ሌላ ምን አለ?›› የሚል ሰው አላየሁም። ዘወትር ከገበታ ተነሥቶ ወዲያው ብስኩት የሚፈልግ ልጅ እንኳ ቡና ቀላ በልቶ ጥግ ይይዛል።

ይህን መርካት ሰዎች ለብዙ ጊዜ የቅቤው ነገር ነው ይሉ ነበር። ቅቤ ያጠግባል፣ እውነት ነው። ግን ያንኑ ቅቤ በቻፓቲ ላይ አድርጌ ስሸጥ ሰው ሦስት አራት ይበላል። ልዩነቱ ሰዓቱ ነው። ሐኪሞች እንደሚሉት ሆድ መጥገቡን ለአእምሮ እስኪያሳውቅ ወደ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ቡና ቀላ ከለቀማው እስከ ወተቱ ከዚያ እጅግ ይረዝማል። በችኮላ የሚበላ ሰው ጥጋቡ ሳይደርስበት ይጨርሳል። ደግሞ አፍ ብቻ አይደለም የሚበላው፤ ዓይን ያያል፣ አፍንጫ ይስባል፣ ቆዳ ይቀባል፣ ጆሮ ምርቃት ይሰማል። ‹‹ሆድ እንዳሳዩት ነው›› ይላል ያገሬ ሰው። አኮና ጓደኞቻቸው ለሆዳቸው ጥቂት አሳይተው፣ ግን በሙሉ ክብር አሳይተው ነው የኖሩት።

ሴት ልጄ ናይሮቢ ስትማር አንድ ነገር ነገረችኝ። በ1979 እ.ኤ.አ. ጆን ካባት-ዚን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሕመምና ጭንቀት ለበረታባቸው ሰዎች ሥልጠና ከፈተ። ከሥልጠናው ልምምዶች አንዱ ዘቢብ መብላት ነው። አንዲት ዘቢብ መዳፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ትታያለች፣ ትዳሰሳለች፣ ትሸተታለች፣ ምላስ ላይ ትቆያለች፣ ከዚያ በቀስታ ትታኘካለች። ዛሬ ይህ ልምምድ በብዙ አገር ከልክ በላይ መብላት ለሚያስቸግራቸው ሰዎች ጭምር ይሰጣል። ለአኮ ይህንኑ ስነግራቸው በጽሞና ሰሙኝና ‹‹ማን ይመርቅላቸዋል?›› ብለው ጠየቁ። ብቻን ተቀምጦ በእርጋታ መብላትና በሰው መካከል ተመርቆ በእርጋታ መብላት ለእሳቸው አንድ አልነበረም። እኔም ልዩነቱ ትልቅ ነው እላለሁ።

ቡና ቀላ ብቻውን የቆመ ልማድም አይደለም፤ ከወተቱ አያያዝ ጋር አንድ ቤት ነው። የቦረና ሴት የወተት ዕቃዋን ከሥር ክር አጥብቃ ትሠራለች፤ ወተት የሚቀመጥበት ጎርፋና ጪጮ ውሃ እንዳያፈስ ሆኖ የተጎነጎነ ነው። ዕቃው ከታጠበ በኋላ በወይራ ፍም ይታጠናል። ጢሱ ወተቱን ከመበላሸት ያቆየዋል፣ ጣዕምም ይሰጠዋል። እርጎው፣ ኢቲቱ የሚሉት፣ በየቀኑ ወተት እየተጨመረበት፣ አጓቱ እየተቀነሰለት፣ ለሳምንታት የሚቆይ ወፍራም ነገር ይሆናል። ለሽማግሌ፣ ለእንግዳ፣ ለአራስ የሚወጣ ነው። አንድ ኩባያ ኢቲቱ ጠጥቶ መንገድ የሚወጣ ሰው እስከ ማታ ሌላ ላይፈልግ ይችላል። ይህን ዕቃ አጥቦ፣ አጥኖ፣ ክዳኑን ገጥሞ ማስቀመጥ ለሴቲቱ የክብሯ ሥራ ነው፤ አኮ ጎርፋቸውን የሚያጥኑበት ሰዓት ማንም አያነጋግራቸውም ነበር።

ራስን መንከባከብ ሲባልም አዲስ የመጣ ነገር የሚመስላቸው አሉ። እዚህ ግን ሴቶች ጢስ ይሞቃሉ። ቤት ውስጥ ትንሽ ጉድጓድ ተቆፍሮ መዓዛ ያለው እንጨት ይጨስበታል፣ ሴቲቱ ጋቢ ወይም ቆዳ ተከናንባ ትቀመጥበታለች፤ ላቧ ይወርዳል፣ ጡንቻዋ ይፍታታል። ቦረናዎቹ ቃያ ይሉታል፤ እኛ ወይባ ጢስ ከምንለው ጋር ዘመድ ነው፣ ሱዳኖቹም ዱኻን ብለው ያውቁታል። አራስ ሴት ደግሞ ቤት ተቀምጣ ትታረሳለች፤ ወተት፣ ቅቤ፣ ሥጋና ገንፎ ይቀርብላታል፣ ከባድ ሥራ አትነካም። የእኛም እናቶች አጥሚትና የገንፎ ቅቤ ለአራስ የሚያቀርቡት በዚሁ አስተሳሰብ ነው። ጎረቤት ቡና ቀላ አቅርቦ ይመርቃታል። ደክማ ለነበረች ሴት እንዲህ ያለ ነገር ሲደረግ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ፊቷ ይለወጣል። ምግቡ የሚጠቅመው እንክብካቤው ስላለበት ነው ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የነበረበት አገር መሃሉ ላይ መስመር ተሰመረበት። ዲሴምበር 6 ቀን 1907 እ.ኤ.አ. ምኒልክና ብሪታንያ የድንበር ስምምነት ተፈራረሙ፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ካፒቴን ፊሊፕ ሞድ አገሩን ቀይሶ ካርታ አንሥቶ ነበር። ፊሊፕ ዛፊሮ የተባለ ግሪካዊ የድንበር ተቆጣጣሪ ሞያሌ ላይ ምሽግ መሠረተ፤ ስሙም በአዲስ አበባ የብሪታንያ እንደራሴ በነበረው በጆን ሃሪንግተን ስም ፎርት ሃሪንግተን ተባለ። የቦረና ታላላቅ ጉድጓዶች፣ ዘጠኙ ቱላ፣ ወደ ሰሜን ቀሩ። ወደ ደቡብ የቀረው ቦረና ግን ቡናውን ሊተው አልቻለምና ጀንፈሉ መስመሩን ሲሻገር ኖረ።

ደቡቡ ክፍል የሰሜን ድንበር አውራጃ ተባለ፣ በእንግሊዞቹ አጠራር ኤንኤፍዲ። በ1902 እ.ኤ.አ. የወጣው የሩቅ አውራጃዎች ደንብና በ1934 የተከተለው የልዩ አውራጃዎች ደንብ ሰው ያለ ፈቃድ እንዳይገባና እንዳይወጣ አደረጉ። የግጦሽ መንገድ ታጠረ። ሱቅ ግን ተከፈተ፣ ከባለሱቆቹ ብዙዎቹ ሶማሌ ነጋዴዎች ነበሩ። በሱቁ ውስጥ ጨርቅ፣ ትምባሆ፣ ሻይና ስኳር ተደረደረ። ኬንያ ውስጥ ሻይ መጀመሪያ የተተከለው ሊሙሩ ላይ በ1903 ነው፤ ከ1920ዎቹ ጀምሮ የኬሪቾ ኮረብታዎች በሻይ ተሸፈኑ። ስኳሩም በ1922 ኪሱሙ አጠገብ ሚዋኒ ላይ ፋብሪካ አገኘ። ከወዲያኛው በኩል ወንጂ ስኳር ማምረት የጀመረው ቆይቶ፣ በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። ሞያሌ የሁለቱ መገናኛ ሆነች፤ ከሰሜን ቡና፣ ከደቡብ ሻይ።

ሻይ መጥፎ ነገር ነው አልልም። አኮ ሲያጫውቱኝ፣ በልጅነታቸው ሻይ ራሱ ሥርዓት ነበረው። ስኳሩ በእናታቸው ሳጥን ተቆልፎ ይቀመጣል፣ የሚወጣው ለእንግዳ ነው። ሻይ የተፈላ ቀን ልጆች ሽታውን ተከትለው ይመጣሉ፣ አንዳንድ ጉንጭ ይደርሳቸዋል። ነገሩ የተለወጠው ሻይ ምግብ ሲሆን ነው። ወተት ሲያንስ ሻይ ሆድ ይሞላል፤ ስኳር ሲበዛበት ረሃብ ያስታግሳል። ቅምሻ የነበረው ነገር የቁርስና የራት ቦታ ወሰደ።

ወተት ለምን አነሰ ለሚለው መልሱ የጦርነትና የድርቅ ታሪክ ነው። ሐምሌ 1940 እ.ኤ.አ. ጣሊያን የእንግሊዝን ሞያሌ ከብቦ ያዘ፣ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ እንግሊዞች መልሰው ወሰዱት፤ ከተማው ፈራርሶ ሰው በየጫካው ተበትኖ ነበር። ኬንያ በ1963 ነፃ ስትወጣ ደግሞ የሰሜኑን አውራጃ ከሶማሊያ ጋር ለማዋሐድ የፈለጉና መንግሥት ተዋጉ። ጦርነቱ እስከ 1967 ቆየ፣ የሽፍታ ጦርነት ይባላል። በኢሲዮሎ በኩል የሚኖሩት ዋሶ ቦረናዎች ያን ጊዜ ጋፍ ዳባ ይሉታል። ሕዝቡ በየመንደሩ ተሰብስቦ ታጠረ፣ ከብቱ በጥይትና በግጦሽ እጦት አለቀ። ከዚያ በኋላ እርዳታ መጣ፣ በቆሎና ዘይት። ብዙ ቤተሰብ ወደ ከብቱ ሳይመለስ ቀረ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልናገር የምፈልገው ነገር አለ። ማሪዮ አጊላር የተባለ የሃይማኖትና የማኅበረሰብ አጥኚ ጋርባ ቱላ ከዋሶ ቦረናዎች ጋር ኖሮ በ1998 እ.ኤ.አ. ‹‹በኬንያ ኦሮሞ መሆን›› የሚል መጽሐፍ አሳትሟል። ከብታቸውን ያጡት፣ ብዙዎቹ እስልምናን የተቀበሉት፣ የገዳ ሥርዓት የራቃቸው እነዚያ ሰዎች በየቤታቸው ይዘው የተገኙት ቡና ቀላን ነው። የሚያርዱት በሬ ባይኖር የሚያርዱት ፍሬ ነበራቸው። ስለ ገዳ ብዙ ተጽፏል፣ ዩኔስኮም በ2016 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል፤ ይገባዋል። የማጀቱ ሥርዓት ግን ያን ያህል ጸሐፊ አላገኘም። ሰፊው ሥርዓት በተበተነበት ጊዜ ሕዝቡን ያሰባሰበው የሴቶች ድስት መሆኑ ለእኔ ከታሪካችን ሁሉ የሚልቅ ነገር ነው።

በእኔ ዘመን የመጣው ለውጥ ከመንገዱ ጋር የመጣ ነው። ቀድሞ ከኢሲዮሎ ሞያሌ ለመድረስ የጭነት መኪናዎች በኮንቮይ፣ በአቧራና በድንጋይ ላይ ቀናት ይፈጁ ነበር። ከላይ ከጭነቱ ላይ ሰው ተቀምጦ፣ ፊቱ በአቧራ ነጥቶ ሲወርድ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ውሃ ነበር። አስፋልቱ በ2016 እና በ2017 እ.ኤ.አ. ገደማ ተጠናቀቀ፤ አሁን ማለዳ ናይሮቢ የተነሣ አውቶቡስ ማታ እዚህ ነው። ዲሴምበር 2020 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የጋራውን የድንበር ኬላ መረቁ። መንገዱ ብዙ በረከት አምጥቷል፤ በሽተኛ ይደርሳል፣ ቲማቲም ሳይበሰብስ ይገባል፣ የልጆቻችን ትምህርት ቀርቧል። ሶዳውም አብሮ ገባ፣ ብስኩቱም፣ በላስቲክ የታሸገው ጥብስ ድንችም። ጫት ወይም ሚራ የሚቅሙት ጎረምሶች ከሰዓት ጀምሮ ሶዳና ስኳር የበዛበት ሻይ ሲያፈራርቁ ያመሻሉ፤ ቅጠሉ ረሃቡን ስለሚገድለው ከምግብ የሚገባቸው ስኳሩ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ዝናቡ ለአምስት ወቅት በተከታታይ ጠፋ። በቦረና በሁለቱም በኩል ከብት በየመንገዱ ወደቀ። ቅቤ ጠፋ፣ የተገኘው ዋጋው የማይቀመስ ሆነ። ቡና ቀላን በሱቅ ዘይትና ኪምቦ በሚባለው የማብሰያ ስብ የሚያበስሉ ቤቶች አየሁ፤ ምሬቱን ለማጥፋት ስኳር የሚነሰንሱበትም አሉ። አኮ በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ በዘይቱ አይቆጡም ነበር፣ ድህነት ነውር የለውም። በስኳሩ ግን ይቆጡ ነበር።

ስኳሩን እስቲ እንቁጠረው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የሚጨመር ስኳር ሰው በቀን ከሚያገኘው ጉልበት ከአሥር በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል አምስት በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል። ይህ ሁለተኛው ለአዋቂ ሰው በቀን 25 ግራም ገደማ ነው፣ ወደ ስድስት የሻይ ማንኪያ። እኔ ጋ የሚመጣ የጭነት ሠራተኛ በአንድ ኩባያ ሻይ ሦስት ማንኪያ ይጨምራል፤ ሁለት ኩባያ ጠዋት ሲጠጣ የቀኑን ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው፤ የቀትሩ ሶዳ አንዱ ጠርሙስ ብቻውን 30 ግራም ያህል ስኳር ይዟል። ያ ሰው ከዚህ ሁሉ ጣፋጭ ውስጥ አንዱንም አጣጥሞ አልበላውም። ቆሞ፣ ስልኩን እያየ፣ መኪና እየጠበቀ ነው የወረደለት። የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ጤናውን የሚወስድበት ነገር ደስታ እንኳ አይሰጠውም።

ስለዚህ ለስኳር ሕመምተኞች የሚሰጠው ‹‹አትብላ›› ብቻውን እንደማይሠራ ከደንበኞቼ አያለሁ። ሰው ለሳምንት ይተዋል፣ በሳምንቱ ተርቦ ይመለሳል፣ ከበፊቱ አብልጦ ይበላል። የሚወደው ነገር ሰዓትና ልክ ሲሰጠው ግን ይጸናል። አንዲት የሰፈራችን የጋሪ ጎሳ ሴት ሻይዋን በቀን አንድ አደረገችው፤ ከአስር ሰዓት በኋላ፣ ከልጆቿ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ፣ በትንሽ ፍንጃል፣ ከሁለት ተምር ጋር። ሌላውን ጊዜ በግመል ወተትና በውሃ ታልፈዋለች። ‹‹አሁን ሻዬን እናፍቀዋለሁ፤ ድሮ አልናፍቀውም ነበር፣ ብቻ እጠጣው ነበር›› አለችኝ። በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ ተምሩ እንዴት እንደሚጣፍጥ የሚያውቅ ሰው፣ ከሁዳዴ በኋላ የመጀመሪያውን የዶሮ ወጥ ጉርሻ የሚያስታውስ ሰው፣ የምትለው ነገር ይገባዋል።

ቡና ቀላ መድኃኒት ነው ብዬ አልዋሽም። ቅቤ ከባድ ነገር ነው፤ ከብት ተከትሎ ቀኑን ሙሉ ለሚሄድ ሰውና ሱቅ ተቀምጦ ለሚውል ሰው አንድ ዓይነት አይደለም። ስኳር ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙን ይስማ። እኔ የምለው ስለ ምግቡ ሳይሆን ስለ አበላሉ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ጣፋጩን አልከለከሉም፤ ቦታ ሰጡት። ቦታ ያለው ነገር አይበዛም።

የአኮ የልጅ ልጆች ዛሬም በዓልና ልደት ሲሆን ቡና ቀላ ያደርጋሉ፣ እኔም እጠራለሁ። ነገር ግን ጫፉን የሚነክሱት እኔና ሁለት ሦስት አሮጊቶች ነን፤ ወጣቶቹ በቢላዋ ጫር ያደርጉታል፣ ወይም ተፈልፍሎ የመጣ ቡና ይገዛሉ። ምርቃቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያውቁት ጥቂት ናቸው። የሞያሌ እናቶች፣ በሁለቱም በኩል ያላችሁ፣ ቦረናም ገብራም፣ ጋሪም ቡርጂም፣ ሐበሻም፤ ልጆቻችሁን በሚቀጥለው ቡና ቀላ ላይ አጠገባችሁ አስቀምጧቸው። ፍሬውን ይልቀሙ፣ ይንከሱ፣ ምርቃቱን ይቀበሉ፣ እስኪታደል ይጠብቁ። ሶዳውን ገዝቶ መስጠት ቀላል ነው፤ መጠበቅን ግን ከእናንተ በቀር የሚያስተምራቸው የለም።